የአሮጌ ባለሁለት ምት የጀልባ ሞተር ቅባትና እንክብካቤ፦ ከጣና ሐይቅ አንጻር



እኔ የተወለድሁባት ሽንዲ ሐይቅ የላትም፤ ቡሬና ፍኖተ ሰላምም እንዲሁ። ሆኖም በአካባቢያችን ባሕር ዛፍ የሚቆረጥበት የሞተር መጋዝ ከጀልባ ሞተር ጋር መርሑ አንድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ምሳሌዬን ከጣና ብወስድም ጉዳዩ የጀልባ ነጂዎች ብቻ አይደለም።

በጣና ላይ ለዘመናት ያገለገለው ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር። ለዓሣ ማስገር የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዕድሜ የጠገበ ሞተር ዛሬም የሚያሠራ ሰው ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይገባዋል፦ ዘይቱ የት እንደሚሄድ፣ የሐይቁ ከፍታ ምን እንደሚያደርግ፣ ውኃው ምን እንደሚያመጣ።

በመጀመሪያ ዘይቱን እንመልከት። ባለአራት ምት ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ባለ ቋት ውስጥ ያኖራል፤ እያዞረም ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ባለሁለት ምት ሞተር ይህ ቋት የለውም። ፒስተኑ ሲወጣ የቤንዚንና የአየሩ ቅልቅል ወደ ክራንክ ቤቱ ይገባል፤ ሲወርድ ተገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ያልፋል። ኩሽኔታዎቹንና የሲሊንደሩን ግድግዳ የሚያለሰልሰው በዚህ ጉዞ ከቤንዚኑ ተለይቶ የሚቀር ጥቂት ዘይት ነው፤ እርሱም ተቃጥሎ ይወጣል። እንግዲህ ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ሞተሩ አዲስ ቅባት ይሰጠዋል ወይም ይነፈገዋል ማለት ነው። ዘይት የሌለበት ቤንዚን ቢሞላበት ፒስተኑ በአጭር ጊዜ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቆማል።

መጠኑ በአምራቹ መመሪያ ይወሰናል። መመሪያው 50 ለ1 የሚል ከሆነ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 25 ለ1 የሚል ከሆነ ደግሞ 800 ሚሊ ሊትር ይደባለቃል። መለኪያ ያስፈልጋል፤ በግምት መቅዳት አይበቃም። የዘይቱ ዓይነትም እንደ መጠኑ ሁሉ ወሳኝ ነው። የመኪና ሞተር ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል፤ አመዱ በካንዴላውና በፒስተኑ ራስ ላይ ተከማችቶ ቅልቅሉን ያለጊዜው ሊያቀጣጥል ይችላል። ለጀልባ የተመደበው ቲሲ ደብሊው ሦስት የሚባለው ዘይት ግን አመድ የማይተው ሆኖ የተዘጋጀ ነው።

ሁለተኛው ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲሠራ ለአየሩ የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭሱ ይበዛል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በዘይቱ ላይ ጥሎ ዘይቱን ይቀንሳል። ዘይት ሲቀንስ ግን በካርቡራተሩ የሚያልፈው ቤንዚን በጥቂቱም ቢሆን ይጨምራል፤ ሞተሩም ቅባቱን ያጣል። ትክክለኛው መፍትሔ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ ከፍታውን በሚመጥን አነስተኛ መተካት ነው። ለዚህም ካንዴላውን ማንበብ ይጠቅማል፦ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ መልካም ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነውና ወዲያው ሊመረመር ይገባል።

ሦስተኛው ውኃው ነው። ጣና ጨው አልባ በመሆኑ ሞተሩ ከጨው ዝገት ይድናል፤ ደለሉ ግን አይምረውም። ከሰከላ የሚነሣው ግልገል አባይ የእኛኑ የጎጃም አፈር ተሸክሞ ወደ ሐይቁ ይገባል። ያ አፈር ማቀዝቀዣ ውኃ የሚስበውን ፓምፕ የጎማ ክንፎች ይበላል። ስለዚህ ሞተሩ እንደተነሣ ከጎኑ የሚፈሰውን ቀጭን የውኃ መስመር ማየት ያስፈልጋል፤ መስመሩ ከደከመ ወይም ከቆመ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል። ከታች ያለው የማርሽ ዘይትም ለብቻው ይመረመራል፤ ወተት መስሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታልና የጎማ ቀለበቶቹ መለወጥ አለባቸው።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለሞተሩ ብቻ ስል አይደለም። ምእመናን ጭኖ ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ ነፋስ በተነሣበት ሰዓት ከሐይቁ መካከል ሞተሩ ቢቆም አደጋው የሰው ሕይወት ነው። በሌላ በኩል፣ በደንብ የተያዘ ሞተር እንኳ ካርቡራተር ያለው ባለሁለት ምት ከሆነ ከነዳጁ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ያስወጣል፤ ጭስ ማውጫው ከውኃ በታች በመሆኑ ይህ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይገባል። ጣና ደግሞ በሌላ ሐይቅ የማይገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች መኖሪያ ነው፤ በዳርቻው የሚኖር ሕዝብም ይጠጣዋል። እንክብካቤ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ስለሆነም አሮጌውን ሞተር በሥርዓት እየያዝን፣ አቅም በተገኘ ጊዜ በባለአራት ምት መተካት ይኖርብናል።