ሐዋሳ ከሆነ መንገዳችሁ፣ በቡታጅራ ውጡ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ልትሄዱ ነው አሉ። እንግዲያው አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ስትሄዱ ሞጆን እርሷት። በዓለም ገና ውጡና የቡታጅራን መንገድ ያዙ። ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ ታጥፋችሁ ከዋናው መንገድ ትገናኛላችሁ፤ ድምሩ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከተለመደው መስመር ብዙም አይበልጥም። መንገዱ ራሱ የሚወራለት ነው። በንጉሡ ዘመን ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከየኪሳቸው አዋጥተው ነው ያስጀመሩት።

ለምን በዚያ በኩል? ጉድ የሚባለው ነገር ሁሉ እዚያ ስለተደረደረ!

መጀመሪያ ግን ስለ ሰዓቱ። እንዲህ ያለ ጉዞ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው የሚታቀደው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ያለው የዓሣ ገበያ የሚደምቀው ጧት ነው፤ ረፋዱ ላይ ብትደርሱ የምታገኙት ቅርፊትና የጠገቡ አባ ኮዳዎችን ነው። ስለዚህ ዋዜማውን ሐዋሳ ማደር ግድ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ቀን ለሻላና ለሻሸመኔ ይሁን፤ ከዚያም በፊት ያለው ለመልካ ቁንጡሬ፣ ለጢያና ለቡታጅራ። ሦስት ቀን ሆነ ማለት ነው። የመጀመሪያው ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ባይውል እመክራለሁ፤ ቡታጅራ ደርሶ ክትፎ ሳይበሉ ማለፍ ለጿሚ ጓደኛችሁ ፈተና፣ ለእናንተም ኀፍረት ነው።

በማለዳ ከወጣችሁ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬን ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው «ድንጋይ ነው፣ ምን አለው» ብሎ ያልፈዋል። ድንጋዩ ግን የሰው እጅ የጠረበው ነው፤ ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል! እኔን ከሁሉ የሚያስገርመኝ እዚያው ጎምቦሬ በሚባለው ቦታ የተገኘው የእግር አሻራ ነው። 700 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠረ ሲሆን፣ ከአዋቂዎቹ ጋር የሕፃናትም አለበት። አስቡት፤ ድንጋይ በሚጠርቡትና አደን በሚበልቱት ትልልቆች መካከል ገና መራመድ የጀመሩ ልጆች ጭቃውን ያቦካሉ። አጠገቡ ባልጪት አለ፤ ጥቁር መስታወት የሚመስለው፣ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚቆርጠው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መገኛ ነው። የጥንት ሰዎች ስለት የሚያወጡት ከዚሁ ነበር። ሁለቱ ቦታዎች በአንድነት በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል።

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ምዕራብ ታጥፋችሁ ከዐለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምን ሳሙ። ትውፊቱ የንጉሥ ላሊበላ ሥራ ናት ይላል። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ጉብኝቱ ይቆይ፤ ቁሙና አስቀድሱ።

ጢያ ቀጥሎ ነው። 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ 32ቱ ላይ ጎራዴና ሌላም ምልክት ተቀርጾባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ናቸው። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ከሥራቸው የተገኙት መቃብሮች ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ያሉ ናቸው፤ ኢማም አሕመድ የተነሡት በ16ኛው ነው። በአገራችን ትልቅ ድንጋይ ካለ ወይ ግራኝ ተክሎታል ወይ ግራኝ ጥሎታል! አስጎብኚ ያዙ፤ ያለ እሱ ጎራዴውን ከሌላው ምልክት ሳትለዩ ትመለሳላችሁ።

ቡታጅራ ላይ ክትፎው ከአይቤውና ከጎመኑ ጋር ይቅረብላችሁ፣ ቆጮ አይቅር። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ፣ በስልጤ ምድር፣ ሐረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ አለ፤ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ውኃ። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ቢወረወር ውኃው ላይ አይደርስም ይባላል። ጓደኞቻችሁ ይህን ሲሰሙ ድንጋይ ለቀማ እንደሚጀምሩ ከወዲሁ ልንገራችሁ። የሸይጣን ሥራ ነው የሚለውን ባልጋፋም፣ እኔ እንደሚመስለኝ ከላይ ሲያዩት ውኃው የቀረበ መስሎ ዓይን ያታልላል፤ ጉድጓዱ ሰፊ ነውና ድንጋዩ ቁልቁለቱ ላይ ይቀራል።

ማታ ዝዋይ ወይም ላንጋኖ እደሩ። በጨለማ አትንዱ፤ ከብትና መብራት የሌለው ጋሪ ይገጥማችኋል። ነዳጅ አዲስ አበባ ሙሉ፣ ጥሬ ብር ያዙ፣ በዋዜማው ደግሞ በመስመሩ የሚመላለሱ ሹፌሮችን ስለ መንገዱ ደኅንነት ጠይቁ። ከስልክ ካርታ እነሱ ይሻላሉ።

በሁለተኛው ቀን አብጃታና ሻላ። ከመካከላቸው ካለው ከፍታ ሁለቱም ይታያሉ፣ ግን አይመሳሰሉም። ሻላ ከ260 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ አብጃታ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ሆኖ፣ ከዓመት ዓመት ዳሩ እየሸሸ ነው። የፍላሚንጎ መንጋ የሚወደው ግን ይህንኑ ጨዋማውን ነው።

ሻሸመኔን «የትራፊክ መጨናነቅ» ብላችሁ አትለፏት። ጃማይካ ሰፈር ግቡ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 የሰጡት መሬት ነው፤ አምስት ጋሻ። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ራስ ተፈሪያኖቹ በብዛት መጡ። በደረቀ የሙዝ ቅጠል፣ ጠብታ ቀለም ሳይነካው የሚሠራውን ሥዕል እዚያ ታያላችሁ።

በማግስቱ ጧት አሞራ ገደል ስትደርሱ ጀልባዎቹ ገብተዋል፣ ልጆቹ በሚያስደንቅ ፍጥነት ዓሣውን ይበልታሉ፣ አባ ኮዳው እንደ ተቆጪ ሽማግሌ ቆሞ ድርሻውን ይጠብቃል። ጥሬውን በአዋዜ የሚበላ ሞልቷል። እኔ ለሾርባውና ለጥብሱ ነኝ፤ ሆዳችሁን የምታውቁት ግን እናንተ ናችሁ።

መመለሻው ላይ ከዝዋይ በፈጣኑ መንገድ ግቡ። አሰልቺ ነው፤ የሚቆምበት የለም፣ ግን የደከመ ሹፌር ይወደዋል። ለቤቱ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚገዛ ካለ አስቀድሞ ይናገር፤ ለዚያ መቂ ላይ መውጣት ያስፈልጋል።