ያውቁ ኖሯል? የጎንደር ገንዘብ፦ ከአሞሌ እስከ በሬ

በድሮው የጎንደር ገበያ ለትልቁ ግብይት ጠገራ ብር፣ ለትንሹ ደግሞ አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አሞሌው ከአፋር ምድር ተጭኖ ሲመጣ ከመነሻው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። በጠገራው ላይ የተቀረጸው ዓመት ደግሞ እ.ኤ.አ. 1780 ነው፤ ምስሏ ያለበት የኦስትሪያዋ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት። ከዚያ በኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ይዞ ወጥቷል።

ወደ ዘመናችን ባንክ ስንመጣ፣ ዳሸን ባንክና ዳሸን ቢራ ስማቸውን ያገኙት ከአንድ ተራራ፣ ከራስ ዳሸን መሆኑንስ? ቢራው ጎንደር ላይ ይጠመቃል። ባንኩ ግን በ1988 ዓ.ም በ11 መሥራቾችና በ14.9 ሚሊዮን ብር ካፒታል የተቋቋመው አዲስ አበባ ነው።

ከተራራው ሥር ያለው የጃናሞራ ገበሬ ሀብቱ በሬ፣ ገብስና መሬት ነው። ባንክ ግን ለረጅም ዘመን የጠየቀው ቤት ወይም መኪና ነበር። መሬቱም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት የማይሸጥ የማይለወጥ ስለሆነ አበዳሪ በዋስትና ሊይዘው አይደፍርም ነበር። ሀብት ያለው ሰው መበደር አለመቻሉ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አብቁተ የተባለው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ይህን ክፍተት በቡድን ዋስትና ሞላ። ጎረቤታሞች እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ፤ አንዱ ካልከፈለ ሸክሙ ለሌሎቹ ይተርፋል። በባንግላዴሽ ግራሚን ባንክ ያስፋፋው መንገድም ይኸው ነበር። አብቁተ ዛሬ ፀደይ ባንክ ሆኗል።

ከቡድን ብድር አልፎ የባንክ መያዣ የሌለው ነጋዴስ ወዴት ይሄዳል? ወደ ዕቁብ። ቅዳሜ ገበያ ላለ ባለሱቅ ዕቁብ ወለድ የሌለው ካፒታል ነው። ዕጣው ተጠቅልሎ ይወጣል፤ የደረሰው ዋስ ካልጠራ ዳኛው ብሩን አያስረክበውም። የቸኮለ ደግሞ ከባለዕጣው ላይ ዕጣውን ይገዛል፤ ያኔ ወለድ ባይባልም ገንዘቡ ዋጋ አለው። ዕቁብ ሱቅ ይሞላል፤ ፋብሪካ ለማቆም ግን አቅሙ አይበቃም። አባላቱ ጥቂት ናቸው፣ ዙሩም አጭር ነው።

ከዕቁብ የሰፋ የፋይናንስ ሥርዓት ለአገር ምን ይጠቅማል? ኪንግና ሌቪን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት የ80 አገሮችን ከ1960 እስከ 1989 ያለውን መረጃ መርምረው ነበር። የፋይናንስ ሥርዓታቸው ሰፊና ጠንካራ የነበረ አገሮች በቀጣዮቹ ዓመታት ፈጥነው አድገዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ ሰብልና የንግድ ዕቃ የብድር መያዣ መሆን እንደሚችሉስ ያውቁ ኖሯል? ከዚያ ቀደም ሲል የወጣው አዋጅ ቁጥር 372/1996 ደግሞ የመጋዘን ደረሰኝን ሕጋዊ አድርጓል። የመተማ ሰሊጥ አምራች ምርቱን ፈቃድ ባለው መጋዘን አስገብቶ በደረሰኙ ከተበደረ፣ በመኸር ሰሞን ዋጋ ሲወድቅ ለመሸጥ አይገደድም። ይህ ለእኔ ከብዙ ድጎማ ይበልጣል።

በሬዎን አስይዘው የሚበደሩ ከሆነ አበዳሪው መያዣውን በብሔራዊ ባንክ መዝገብ ማስመዝገቡን ይጠይቁ። በአንድ ንብረት ላይ ሁለት አበዳሪዎች ቢመጡ በመርህ ደረጃ ቅድሚያ የሚያገኘው አስቀድሞ ያስመዘገበው ነው። ብድሩን ከፍለው ሲጨርሱም ምዝገባው እንዲሰረዝ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ለቀጣዩ ብድር ያው በሬ እንደተያዘ ይታያል።