ከሺኒሌ ወዲያ ያለችው ወፍ

የድሬዳዋን ልጅ መብረር የማትችል ወፍ ሳልልኝ ቢሉት እጁ ቀድሞ ወደ ፔንግዊን ቢሄድ አይገርመኝም። በረዶን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኑ አላየም። ሰኔ ላይ በቀትር ቀፊራ ገበያን ለሚያቋርጥ ሰው የበረዶ አገር ማለት ያው ተረት ነው። ጥቁር ጀርባዋን፣ ነጭ ሆዷን፣ ግራ ቀኝ እየተወዛወዘች የምትሄደውን አካሄድ ግን አሳምሮ ያውቃል። ከከተማው በስተሰሜን፣ ሺኒሌን አልፎ በአይሻ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚዘረጋው ቆላ የሰጎን አገር መሆኑን ማን ነግሮት? እኛ ትልልቆቹም ብንሆን የምናውቀው ቁርጥራጯን ነው፤ እንቁላሏን ከቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ፣ ላባዋን ከታሪክ መጽሐፍ፣ "ጭንቅላቱን አሸዋ ውስጥ ቀበረ" የሚለውን ስድብ ደግሞ ከፖለቲከኞች አፍ። ስለዚህ ከነሙሉ አካሏ እናስተዋውቃት።

ሶማሌዎች ጎራዮ፣ ኦሮሞዎች ጉቺ ይሏታል። በእኛ ምሥራቅ ያለችው የሶማሌ ሰጎን የምትባለው ስትሆን መኖሪያዋ የአፍሪካ ቀንድና ሰሜናዊ ምሥራቅ ኬንያ ነው። ከሌሎቹ የአፍሪካ ሰጎኖች ጋር እንደ አንድ ዝርያ ስትቆጠር ኖራ እ.አ.አ. በ2014 ራሷን የቻለች ዝርያ ተብላ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት መዝገብ ሰፈረች። መለያዋ አንገቷ ነው። የደቡብ ኬንያና የታንዛኒያ ወንድ ሰጎኖች አንገታቸውም ጭናቸውም ሮዝ ነው፤ የእኛው ወንድ ግን ግራጫ ሰማያዊ ሲሆን የመራቢያው ወቅት ሲደርስ ሰማያዊው ይደምቃል። ገላው ጥቁር፣ የክንፉ ጫፍና ጅራቱ ነጭ ነው። ሴቷ ቡናማ ናት። ክብደታቸው ከ100 ኪሎ ግራም ይበልጣል፤ ሲሮጡም በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳሉ። ባጃጅ አይደርስባቸውም።

ፔንግዊንና ሰጎን ሁለቱም መብረር የተዉ ወፎች ናቸው ሲባል እሰማለሁ። በዚህ ነገር ለፔንግዊኗ መከራከር እወዳለሁ። ፔንግዊን መብረርን አልተወችም፤ ቦታ ቀየረች እንጂ። ውሃ ውስጥ የምትሄደው ክንፏን እየመታች ነው። ለዚህም የበራሪ ወፍ የክንፍ ጡንቻ የሚያያዝበት፣ ዶሮ ስትበልቱ ፍርምባው መሃል የምታገኙት ሹል አጥንት አሁንም አላት። የሰጎን ደረት አጥንት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ያ ጠርዝ ጨርሶ የለም። እርግፍ አድርጋ የተወችው እሷ ናት። ክንፏ የቀረላት ስትሮጥ ሚዛን ለመጠበቅና በድንገት ለመታጠፍ፣ ወንዱ ሴቷን ሲያባብል ለመዘርጋት፣ ለጫጩቶቿም ጥላ ለመሆን ነው።

ላባቸውም እንደዚሁ ተቃራኒ ነው። የፔንግዊን ላባ አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና በቅባት የታሸ በመሆኑ ውሃም ብርድም አያስገባም። ሰጎን ጭራዋ ሥር የቅባት ዕጢ የላትም። የላባዋ ክሮች እርስ በርስ የሚቆላለፉበት ጥቃቅን መንጠቆም ስለሌላቸው ላባዋ ልቅና ለስላሳ ነው፤ ዝናብ ሲመታት ትበሰብሳለች። ለሙቀት ግን የሚያህለው የለም። ቀትር ላይ የጀርባዋን ላባ ቀጥ አድርጋ ታቆመዋለች፤ ፀሐይዋ የላባውን ጫፍ ብታግለውም በላባና በቆዳ መካከል ያለው አየር ትኩሳቱ ወደ ገላዋ እንዳይዘልቅ ያግደዋል። ከዚያ ክንፎቿን ከጎኗ ገለጥ አድርጋ፣ አንዲት ላባ የሌለበትን ጭኗን ለነፋስ ትሰጣለች። ከሰዓት በኋላ ሽርጡን አገልድሞ ደጃፉ ላይ ነፋስ የሚጠብቅ የድሬ ሰው ትመስላለች። ማታ ቆላው ሲቀዘቅዝ ያንኑ ክንፍ ዝቅ አድርጋ ጭኗን ትሸፍንበታለች።

ነፋሱ አልበቃ ሲል አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ብዙ እንስሳ ለረጅም ጊዜ ሲያለከልክ የደሙ ኬሚካላዊ ሚዛን ይዛባል፤ የሰጎን ግን አይናጋም። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.አ.አ.) ሳይንቲስቶች ሰጎኖችን 50 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ለሰዓታት አቆይተው ሲለኩ የገላቸው ሙቀት ከ40 ዲግሪ በታች ነበር። ውሃ ካገኘች ትጠጣለች፤ ካጣች ደግሞ ከምትግጠው ቅጠልና ከእርጥብ ተክል የምታገኘው ለብዙ ቀን ያቆያታል።

እግሯ ላይ ያሉት ጣቶች ሁለት ብቻ ናቸው። በዓለም ላይ ሌላ ባለ ሁለት ጣት ወፍ የለም። ዓይኗ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በየብስ ከሚኖሩ ባለ አከርካሪ እንስሳት ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

ይህን ዓይን ቤተ ክርስቲያን ከሳይንቲስቶች በፊት ታውቀዋለች። በጉልላት መስቀል ላይ የሚሰኩት የሰጎን እንቁላሎች ብዙ ጊዜ ሰባት ናቸው። የሚሰጠውም ትርጓሜ ሰጎን እንቁላሏን በዓይኗ ትኩር ብላ እያየች ታስፈለፍላለች፣ ዓይኗን ካነሳች እንቁላሉ ይበላሻል፤ ሰውም ልቡን ከፈጣሪው አያንሳ የሚል ነው። መጽሐፈ ኢዮብ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የሚነግረን፤ እዚያ ላይ ሰጎን እንቁላሏን መሬት ላይ ጥላ የምትሄድ፣ ማንም ይርገጠው ደንታ የሌላት እናት ናት።

ጎጆዋን ጠጋ ብሎ ላየ ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል። ወንዱ አሸዋውን ጭሮ ጉድጓድ ያበጃል። መጀመሪያ ዋናዋ ሚስቱ ትጥላለች፤ ከዚያ ሌሎች ሴቶች እየመጡ በዚያው ጉድጓድ ጥለው ይሄዳሉ፣ ለመታቀፍም አይመለሱም። ኢዮብ ያያት ከእነዚህ አንዷን ይሆናል። እንቁላሉ ከሃያ ሲያልፍ ዋናዋ ሁሉንም አቅፋ መሸፈን አትችልም። ያኔ የራሷን ለይታ መሃል ታስቀምጣለች፤ የባዕዱን በመንቁሯ እየገፋች ወደ ዳር ታወጣዋለች። ሁሉም ለእኛ ዓይን አንድ ዓይነት ነው፤ እሷ ግን አትሳሳትም። ቀን ቡናማዋ ሴት፣ ሌሊት ጥቁሩ ወንድ እየተፈራረቁ ስድስት ሳምንት ያህል ይታቀፉታል። አባትነትስ ንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን የተባለው ወንድ ሁለት ወር ሙሉ እህል ሳይቀምስ እንቁላሉን እግሩ ላይ ተሸክሞ በአንታርክቲካ ክረምት ሲቆም ነው ይሉ ይሆናል። የእኛው አባወራ እንደዚያ አይጦምም፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ቀበሮና ጅብ በሚዞርበት ሜዳ ጎጆውን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ጭንቅላት መቅበር የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። እንቁላል ለማገላበጥ ጉድጓዱ ላይ ስታጎነብስ ወይም ጠላት አይታ አንገቷን መሬት ላይ ስትዘረጋ ከሩቅ ላያት ጭንቅላት የሌላት ትመስላለች።

አንዱ እንቁላል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሁለት ደርዘን የዶሮ እንቁላል ጋር ይተካከላል። ቅርፊቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ስላለው የአብዛኛው አሞራ መንቁር አይበሳውም። ነጩ የግብፅ ጥንብ አንሳ ግን መላ አለው። ድንጋይ በመንቁሩ ያነሳል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀጥ ያደርጋል፣ ከዚያ ድንጋዩን ቁልቁል ይወረውራል። ብዙ ጊዜ ይስታል። ደግሞ ያነሳል፣ ደግሞ ይወረውራል፤ እስኪሰነጠቅ አይተውም።

ሰውም ያንን ቅርፊት ከጥንት ጀምሮ ሲፈልገው ኖሯል። በድሬዳዋ አካባቢ ባለው ጎዳ ቡቲቻ በተባለው ዋሻ ውስጥ ተመራማሪዎች መስመር የተቀረጸበት የሰጎን እንቁላል ስባሪ አግኝተዋል፤ ዕድሜው ከ30 ሺህ ዓመት ይበልጣል። እዚያው ከቅርፊቱ የተሠሩ ዶቃዎችም ተገኝተዋል። እንግዲህ ስለ ሐረርና ስለ ባቡር ከማውራታችን በፊት እዚህ አገር ጌጥ ሠሪ ነበር ማለት ነው።

ላባው የመጣው ኋላ ነው። በ1855 (እ.አ.አ.) ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን፣ ሰው የገደለ የሶማሌ ጦረኛ ፀጉሩ ላይ የሰጎን ላባ እንደሚሰካ ጽፏል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ራምቦ በ1880 መጨረሻ ለንግድ ሐረር ሲደርስ ከቡናው፣ ከዝሆን ጥርሱ፣ ከዝባዱና ከቆዳው ጋር ላባም በግመል ተጭኖ ወደ ዘይላ ይወርድ ነበር። ባቡሩ በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ያ ሁሉ ንግድ ከዘይላ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ከተማችንም በዚሁ ተቆረቆረች። ጊዜው የአውሮፓ ወይዛዝርት ባርኔጣ ያለ ሰጎን ላባ የማይታሰብበት ነበር። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኡትስሆርን ገበሬዎች ሰጎን እያረቡ ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ሠሩ። ከዚያ የ1914ቱ ጦርነት መጣ፣ ፋሽኑም ተቀየረ፣ ገበያው በአንድ ጊዜ ወደቀ። ለገበሬዎቹ ኪሳራ፣ ለሰጎኗ ግን እፎይታ ነበር።

እፎይታው አልዘለቀም። ዛሬ የሶማሌ ሰጎን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሚባሉት ተርታ ናት። ትታደናለች፣ እንቁላሏ ይለቀማል፤ በአፋርና በሶማሌ ቆላ የተስፋፋው ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃም ዛፍም የሣር ሜዳውን እየዋጠው ነው።

ማየት ለሚፈልግ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከፓርኩ በስተሰሜን ያለው የአላይደጌ ሜዳም ጥሩ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚሄድ ደግሞ በአብያታ ሻላ ፓርክ መግቢያ አካባቢ ያገኛቸዋል። ወንዱን ለመለየት አንገቱንና ጭኑን ማየት ይበቃል። ከመኪና ወርዶ ፎቶ ለመነሳት መጠጋት ግን አይመከርም፤ በተለይ ጫጩት ካላቸው። የሰጎን ርግጫ እንደ አህያ ወደ ኋላ አይደለም፤ ወደ ፊት ነው፣ ከትልቁ ጣት ጥፍር ጋር፤ ለአንበሳም የሚተርፍ ነው።