አንድ ዶሮ ስንት የሥራ ቀን ነው?

ከውጭ አገር ለእረፍት የመጣ ሰውና እዚህ የሚኖር ዘመዱ ስለ ምግብ ዋጋ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ አይግባቡም። እንግዳው የምሳውን ሒሳብ በልቡ ወደ ዶላር መንዝሮ «እንዴት ርካሽ ነው!» ይላል፤ ዘመዱ ያንኑ ሒሳብ ሲያይ የሳምንቱ አስቤዛ ትዝ ይለዋል። እንግዳው በበኩሉ እዚያ አንድ ሰሐን በያይነቱ 20 ዶላር እንደሚሸጥ ሲናገር፣ ሰሚው በብር አባዝቶ ይደነግጣል። ሁለቱም ያዩትን ነው የሚናገሩት። ችግሩ የያዙት መለኪያ ነው። የምንዛሪ ተመን አንዱ ገንዘብ በሌላው ስንት እንደሚሸጥ ይናገራል፤ አንድ ሰው የዕለት ምግቡን ለማግኘት ስንት ሰዓት መሥራት እንዳለበት ግን አይናገርም። ደሞዝተኛ ደግሞ ምግቡን የሚገዛው በሥራ ሰዓቱ ነው። በሰዓት ከለካነው፣ በደሞዝ ለሚኖር ከተሜ ምግብ ከአሜሪካ ይልቅ አገር ቤት በብዙ እጥፍ ውድ ነው።

ምንዛሪ ምን ያህል አሳሳች መለኪያ እንደሆነ በ2016 ዓ.ም. ክረምት በግልጽ ታይቷል። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር አለፈ። በዶላር ለሚያስብ ሰው የአዲስ አበባ ምግብ በነዚያ ወራት በእጅጉ ረክሷል። ለአዲስ አበባ አስተማሪ ወይም ለጥበቃ ሠራተኛ ግን ምንም የቀነሰ ነገር አልነበረም። ማሳው ያው ማሳ፣ ወፍጮው ያው ወፍጮ ነበር። አንድ ሰው ሳይጠግብ «ምግብ ረከሰ» የሚል መለኪያ ለኑሮ ንጽጽር አይሆንም።

እስቲ ሒሳቡን ጠጋ ብለን እንየው። በአገራችን የግል ድርጅት ሠራተኞችን ሁሉ የሚያካትት ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል የለም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ገና አልተወሰነም። ስለዚህ መነሻ የሚሆነን የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደሞዝ ነው፤ ይህም ለ2018 ዓ.ም. በተደረገው ጭማሪ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በወር 22 ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ የአንዱ ሰዓት ዋጋ 34 ብር ነው። ከአሜሪካ ደግሞ ሆን ብለን ዝቅተኛውን እንውሰድ፦ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ፈቀቅ ያላለውን የፌዴራል ወለል፣ በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም። ብዙ አበሾች በሚኖሩባት በዋሽንግተን ዲሲ ሕጋዊው ወለል ከ17 ዶላር በላይ ነው፤ ለክርክራችን በማይመቸው ቁጥር ብንሄድ ይሻላል። አምስት ሊትር ዘይት እዚህ 1,500 ብር፣ እዚያ 10 ዶላር ቢሸጥ፣ አንድ ዶላር በ150 ብር ሲመነዘር ዋጋው እኩል ነው። ጉልበቱ ግን እኩል አይደለም። የእዚያኛው ሠራተኛ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ሥራ ዘይቱን ይገዛል፤ የእዚህኛው አምስት ቀን ተኩል ይሠራል።

የበዓል ድስት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አንድ ዶሮ በ1,200 ብር ቢገዛ ከአራት የሥራ ቀን በላይ ነው። እንቁላሉ አንዱ በ20 ብር ቢሆን፣ ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚገባው 12 እንቁላል ብቻውን የሰባት ሰዓት ሥራ ይወስዳል። ሽንኩርቱ፣ ቅቤውና በርበሬው ሲታከሉበት አንድ ድስት ዶሮ ወጥ ከወር ደሞዙ ሲሶውን አልፎ ይሄዳል። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ኪሎ የሚመዝን የተበለተ ዶሮ 9 ዶላር ቢያወጣ የአንድ ሰዓት ከሩብ ሥራ ነው። አሜሪካኖች በእንቁላል ዋጋ ያማረሩት በወፍ ጉንፋን ምክንያት ዶሮዎች በብዛት በተወገዱበት ወቅት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የአንድ ደርዘን አማካይ ዋጋ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደርሶ ነበር። ያ ጣራ የነካ ዋጋ እንኳ በዝቅተኛው ደሞዝ ከአንድ ሰዓት ሥራ ያነሰ ነበር። የእኛ ገበያ ዋጋ ከሰፈር ሰፈር፣ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል፤ ነገር ግን የዶሮው ዋጋ ሁለት መቶ ብር ወዲያ ወዲህ ቢል ሰዓትና ቀን ያህል የተራራቀውን ልዩነት አያጠበውም።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ግልጽ ነው። በመርከብ ተጭኖ ከአገር አገር የሚዞር ሸቀጥ ዋጋው የሚወሰነው በዓለም ገበያ ነው። ወደ አገራችን የሚገባው የፓልም ዘይት በአብዛኛው የኢንዶኔዥያና የማሌዥያ ምርት ነው፤ የዩክሬን ጦርነት የሱፍ ዘይትን ባናጋበትና ኢንዶኔዥያ ለጥቂት ሳምንታት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ እንዳይወጣ ባገደችበት እ.ኤ.አ. በ2022 ገዢ ሁሉ ጉዳቱን አብሮ ቀምሷል። ሻጩ የገዢውን ደሞዝ አይጠይቅም። የሰው ጉልበት ግን በመርከብ አይዞርም፤ ዋጋው የሚተመነው በየአገሩ ነው። ለዚህ ነው ምግብ ቤት ገብቶ መብላት እዚያ እጅግ ውድ፣ እዚህ ደግሞ ርካሽ የሚመስለው። በዋሽንግተኑ በያይነቱ ላይ ጤፉና ሽሮው የሚይዙት ጥቂት ዶላር ነው፤ የቀረው የአብሳዩ ደሞዝ፣ የቤት ኪራይና ኢንሹራንስ ነው፤ ከ15 እስከ 20 በመቶ ጉርሻም ይጨመርበታል። የአዲስ አበባው ምሳ ለእንግዳው የረከሰለት የምታቀርብለት አስተናጋጅ ደሞዟ አነስተኛ ስለሆነ ነው። እሷ ግን ዘይቱን የምትገዛው በዓለም ዋጋ ነው። ስለዚህ አገሩን በሬስቶራንት ሒሳብ የሚለካ ሰው ድህነቱን እንደ ርካሽነት ይቆጥረዋል፤ ይህ ደግሞ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 የቤተሰብ ወጪዎችን አጥንቶ፣ ገቢ ሲያንስ ለምግብ የሚውለው ድርሻ እንደሚጨምር አሳይቷል። ዛሬ አሜሪካውያን በአማካይ ከታክስ በኋላ ከሚቀራቸው ገቢ 11 በመቶ ገደማ፣ ውጭ የሚበሉትን ጨምሮ፣ ለምግብ ያውላሉ። በእኛ አገር የዋጋ ንረት ሲሰላ ምግብ ከጠቅላላው የሸማች ወጪ ከግማሽ በላይ ክብደት ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አማካይ ቁጥር ድሃውን ይደብቃል የሚል ተቃውሞ ቢነሣ ትክክል ነው። አሜሪካ ውስጥ በገቢ ዝቅተኛ የሆነው አንድ አምስተኛ ቤተሰብ ከገቢው ሲሶ ያህሉን ለምግብ ያወጣል፤ ፉድ ስታምፕ የሚባለው የመንግሥት የምግብ ድጎማ ባይኖር ከዚያም ይብስ ነበር። ይህ ከባድ ኑሮ ነው። ቢሆንም የአሜሪካ የድሃ ድሃ የሚያወጣው ድርሻ ከእኛ አማካይ ቤተሰብ ያነሰ መሆኑ ክርክሩን ያጠናክረዋል።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የቤት ኪራይ ነው። እዚያ የሚኖር ወገን «ከምግቡ የተረፈኝን ኪራዩ ይወስደዋል» ሲል እውነቱን ነው፤ ኪራይ፣ መኪናና ኢንሹራንስ ሲከፈሉ ከደሞዙ ብዙም አይተርፍም። ይህ ግን ስለ ቤት እንጂ ስለ ምግብ የሚያስረዳ አይደለም። ኪራይን ክፍሉን ተጋርቶ መቀነስ ይቻላል፤ ከጠቅላላ ወጪ ከግማሽ በላይ የሚይዘው የምግብ ወጪ ግን የሚቀነሰው ሥጋውን ትቶ ወደ ሽሮ፣ ከዚያም በቀን ሁለት ጊዜ ወደ መብላት በመውረድ ነው። የጣዕሙን ተቃውሞም ንቄ አላልፈውም፦ በስድስትና በሰባት ሳምንት የሚደርስ የፈረንጅ ዶሮና የሐበሻ ዶሮ አንድ አይደሉም። ጤፍም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ ቢመረትም ከስንዴ ዱቄት ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚሄደው እንጀራማ ከዚያም ይወደዳል። በዚህ የተነሣ ብዙ ቤተሰብ ጤፉን ከገብስ ወይም ከሌላ ዱቄት ጋር አቀላቅሎ ይጋግራል። የአገር ቤት ምግብ ብቻ ልብላ ለሚል ሰው ስደት ውድ ነው። ገበሬውን በተመለከተ ንጽጽሩ አይሠራም፤ ከጎተራው የሚበላ ሰው የጤፍ ዋጋ ሲወደድ ገቢው ሊጨምር ይችላል። እዚህ የምናወራው በደሞዝ ስለሚገዛው ሰው ነው።

በዐረብ አገር ቤት ሠራተኝነት ያሉ እህቶቻችን ሒሳብ ደግሞ ለየት ይላል። ምግብና መኝታ በአብዛኛው በአሠሪው ስለሚሸፈን የሚያሳስባቸው የምግብ ዋጋ የእናታቸው ቤት ነው። ከሪያድም ሆነ ከዱባይ የሚላከው ገንዘብ በብር ሲመታ ብዙ ይመስላልና «ያን ሁሉ ምን አደረጋችሁት?» የሚል ቅሬታ ይወለዳል። በአስቤዛ ቢሰላ ግን ቅሬታው መልስ ያገኛል፦ 15,000 ብር አንድ ኩንታል ጤፍ፣ አንድ ጄሪካን ዘይትና ጥቂት ኪሎ ሽንኩርት ከተገዛበት ያልቃል። አንድ ነገር ግን በላኪው እጅ ነው። አዲሱ ምርት ገበያ ከገባ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ የጤፍ ዋጋ ጋብ ይላል፤ ክረምቱ ሲገባ ይወጣል። በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ በኪሎ እየገዛ ዓመቱን ሙሉ ከፍተኛውን ዋጋ ይከፍላል። በየወሩ ተከፋፍሎ ከሚላከው ላይ የኩንታሉን ዋጋ ጥር ላይ አስቀድሞ መላክ፣ ሳይጨመርበት ያው ገንዘብ ብዙ ተጨማሪ ቀን እንዲያበላ ያደርጋል።