ከኅዳጉ ማስታወሻ እስከ መጽሐፉ፦ እውነተኛ ታሪክ እንዴት ይጻፋል?

ልብ ወለድ ጸሐፊ የጎደለውን በምናቡ ይሞላል። ታሪክ ወይም ሳይንስ የሚጽፍ ሰው ግን ይሄ አይፈቀድለትም። ታዲያ ባዶ ወረቀት ፊት ሲቀመጥ ከምን ይነሳል? እስቲ መልሱን ደቡብ ወሎ ሄደን እንፈልገው።

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። እዚያ፣ ድሮ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው ቦታ ላይ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ጽሕፈት ማዕከል አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው የእሳቸው ወንጌል፣ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ የኢትዮጵያ ሥዕላዊ ብራናዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው።

ይህ ወንጌል ከቅዱሱ ቃል ሌላ ማስታወሻዎችንም ይዟል፤ ከነዚህ አንዱ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ነው። በወንጌል ላይ ለምን ተጻፈ? ለምን መሰላችሁ፣ ወንጌል ከሁሉም በላይ የሚከበርና የሚጠበቅ መጽሐፍ ስለነበር ነው። እዚያ የሰፈረን ነገር ደፍሮ የሚፍቅ አይገኝም። በዚህ የተነሳ ገዳማት የመሬት ስጦታን የመሰሉ ጉዳዮችን በወንጌላቸው ላይ ይመዘግቡ ነበር።

ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት የሐይቅን አበምኔቶች ታሪክ፣ ከ1248 እስከ 1535 ያለውን፣ በአንድ ጥናት ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከ1270 እስከ 1527 ስለነበሩት የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የጻፉት ዝነኛ መጽሐፋቸው ታተመ። ሥራዎቻቸውን ስታነቡ አጻጻፋቸው ይታያችኋል፦ ገድል፣ ዜና መዋዕል፣ የመሬት ስጦታ ማስታወሻና የዐረብ ጸሐፊዎች ዘገባ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመዘናሉ።

አንድ እንቆቅልሽ እንይ። ይኩኖ አምላክ በ1270 ዙፋን ሲይዙ የረዷቸው ማን ናቸው? አንዱ ትውፊት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ይላል፤ ሌላው አባ ኢየሱስ ሞዐ ይላል። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ገድል ደግሞ የተጻፈው እሳቸው ካረፉ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጥሩ ጸሐፊ እዚህ ጋ ገድሉን አይጥልም፣ እንዳለም አይውጠውም። ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ መቼ ተጻፈ? የት ተጻፈ? ታሪኩ እንዲህ ቢነገር የሚጠቀመው ማን ነው? እንዲህ ሲጠየቅ ገድል ሁለት ነገር ይነግረናል፤ ስለ ቅዱሱ ዘመንና ስለ ጸሐፊው ዘመን።

እኔ ይሄን ትምህርት የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለመመረቂያ ጥናቴ ከሴንሰር የወሰድኳቸውን ቁጥሮች በደብተር ስጽፍ ቀኑንና መለኪያውን መጻፍ ሰነፍኩ። «አልረሳውም» ብዬ ነበር። ከወራት በኋላ ስከፍተው ቁጥሮቹ አሉ፣ ትርጉማቸው ግን የለም። በቃ፣ ሙከራውን እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ። የሐይቅ ጸሐፊዎች በመቃ ብዕር ከ700 ዓመት በፊት ያደረጉትን እኔ በኮምፒውተር ዘመን አላደረግኩትም!

መረጃው ከተያዘ በኋላ ደግሞ የቃል ምርጫ ይመጣል። ከሐይቅ ተነስታችሁ በወልዲያው መንገድ ስትቀጥሉ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን ታገኛላችሁ። በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ የአማርኛው ቅጂ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ሲላላኩ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ ይችላሉ የሚል ነበር። የጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት አረፈው። ኢጣሊያም በዚህ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት አለች። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ደረሰ። «ይችላል» እና «አለበት» አንድ አይደሉም። «ሳይሆን አይቀርም» እና «ነው»ም እንዲሁ።

እንግዲህ መጻፍ ለምታስቡ ምክሩ አጭር ነው። ማስታወሻ ስትይዙ ቀኑን፣ ቦታውንና የነገራችሁን ሰው አብራችሁ ጻፉ። አንድን ነገር ቢያንስ ከሁለት ምንጭ አመሳክሩ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የቀዳ ከሆነ ግን እንደ አንድ ቁጠሩት። ከዚያ ረቂቃችሁን መስመር በመስመር እያነበባችሁ «ይሄን በምን አወቅኩ?» በሉ። መልስ ያጣችሁለትን ዓረፍተ ነገር ወይ አለዝቡት፣ ወይ ሰርዙት።

ለመጀመር ሩቅ አትሂዱ። የሐይቅ ልጅ ከሆናችሁ አያቶቻችሁን ጠይቁ፦ ውሃው በልጅነታቸው እስከ የት ይደርስ ነበር? የሁለት ሽማግሌ ቃል ለየብቻ ጻፉ፣ ቦታውን ሄዳችሁ እዩ፣ ቀን አስፍሩበት። ነገ ስለ ሐይቁ የሚጽፍ ሰው ከእናንተ ደብተር ሊነሳ ይችላል።