የሚሸጠው አልጋው ሳይሆን ወፏ ናት

ቁርስ በ11 ሰዓት ይደርሳል ወይ? የወፍ ተመልካቾችን ቡድን ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርድ አስጎብኚ ከሎጅ ባለቤት ጋር ሲዋዋል ቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ነገር ይህ ነው። 11 ሰዓት ሲባል የንጋቱ ነው። ወፍ በብዛት የምትንቀሳቀሰውና የምትጮኸው ጎህ ሲቀድ በመሆኑ፣ እንግዳው ከመዋኛ ገንዳና ከቴሌቪዥን ይልቅ ጎጆው በር ላይ የቆመውን ጥድ ይፈልጋል። ወደዚህ ገበያ ለመግባት የሚያስብ ባለሀብት ብዙ ጊዜ የሚስተውም እዚህ ላይ ነው፤ አልጋ የሚሸጥ ይመስለዋል።

የሚሸጠው ግን የስም ዝርዝር ነው። ወፍ ተመልካች በዕድሜው ያያቸውን ዝርያዎች በመዝገብ ይይዛል። ገንዘቡን የሚያወጣውም ገና ምልክት ላላደረገባቸው ስሞች ነው። ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ሲኖሯት፣ ከነዚህ ውስጥ የተወሰኑት በዓለም ላይ እዚህ ብቻ፣ አለዚያም እዚህና ኤርትራ ብቻ ይገኛሉ። የብርቅዬዎቹ ቁጥር እንደ ተመራማሪዎቹ አመዳደብ ከፍና ዝቅ ይላል። አንድ ዝርያ ተብሎ የቆየው በጥናት ለሁለት ሲከፈል፣ ባለ ሎጁ አንድ ሚስማር ሳይመታ በአካባቢው አዲስ ሸቀጥ ተገኘ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ገበያ ብዙ አይገኝም!

የተለመደው ጉዞ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከአዲስ አበባ በስተሰሜን የጀማ ሸለቆና አንኮበር፣ ከዚያ አዋሽ፣ ላንጋኖ፣ ወንዶ ገነት፣ ባሌ፣ ነጌሌና ያቤሎ ይከተላሉ። የዛፍ ጥላ ሥር ያለ ማረፊያ ዋጋ የሚያወጣው በተለይ በመካከለኛው ክፍል ነው። በወንዶ ገነት ደን ብጫ ግንባር ያለው በቀቀን ይፈለጋል። በዲንሾ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ደግሞ ካትበርድ የተባለችው የቁጥቋጦ ወፍና ቀን ቀን ቅርንጫፍ ላይ የሚተኙ ጉጉቶች አሉ። ጉጉቱ ዛሬ በየትኛው ዛፍ ላይ እንዳደረ የሚያውቀው የአካባቢው አስጎብኚ ነው፤ እሱ ከሌለ ጎጆው ተራ ጎጆ ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ለስሙ ጠቅሞታል፤ የዲንሾ ሌሊት ብርድ ግን ያው ስለሆነ ብርድ ልብስና ሙቅ ውኃ ከሥዕልና ከምንጣፍ ይቀድማሉ።

ወደ ሒሳቡ ሲመጣ ነገሩ ይጠብቃል። ለምሳሌ 10 ጎጆዎች ያሉት ሎጅ ይታሰብ። ደንበኞቹ በብዛት የሚመጡት ዝናቡ ሲያበቃ፣ ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎችም በሚገኙበት ወቅት ነው። ይህ ከኅዳር እስከ የካቲት 120 ሌሊት ነው ቢባል፣ ሎጁ አንድም ቀን ባዶ ሳያድር 1,200 የጎጆ ሌሊት ይሸጣል። የዓመቱ አቅም ግን 3,650 ነው። ከወቅቱ ስድሳ በመቶ ብቻ ቢሸጥ 720 ይሆንና ከዓመቱ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ቡድኑ በአንድ ቦታ ከሦስት ሌሊት በላይ እምብዛም አይቆይም፤ ለሹፌሮቹም አልጋ ያስፈልጋል። ጥበቃ፣ ምግብ አብሳይና የመንገድ ጥገና ግን በክረምትም ወጪያቸው አይቋረጥም።

ክፍተቱን ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ በሚመጣ የቅዳሜና እሑድ ደንበኛ መሙላት ይቻላል። ችግሩ የአገር ውስጡ ደንበኛ ሙዚቃና ጥብስ ሲፈልግ የውጭው ጸጥታ መፈለጉ ነው። ሁለቱን በአንድ ቅዳሜ ያሳደረ ባለቤት ሁለቱንም ያጣል። ቀኑን መለያየት፣ አለዚያም ግብዣውን ከደኑ ማራቅ ግድ ነው።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በዶላር የተዋዋለና በብር ደመወዝ የሚከፍል ሎጅ ያን ጊዜ ተጠቅሟል። ሆኖም የሶላር ባትሪ፣ የመኪና መለዋወጫና ነዳጅ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው ትርፉ በየአቅጣጫው ይሸረፋል። የውጭ አስጎብኚዎችም ብሩ መርከሱን አይተው በዶላር የሚከፍሉት እንዲቀነስላቸው ይከራከራሉ።

ከሁሉ የከፋው አደጋ ከሎጁ ግቢ ውጭ ያለው ነው። የብሪታንያ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወደ አንድ አካባቢ አትሂዱ ካለ፣ ማስጠንቀቂያውን ተላልፎ የሄደ መንገደኛ የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ኢንሹራንስ የሌለው ቡድን ደግሞ አይነሳም። በ2012 ወረርሽኙ፣ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት፣ በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በተከታታይ ገበያውን መትተውታል። አንኮበርን ከጉዞው የሰረዘ አስጎብኚ ብዙ ጊዜ ባሌንም አብሮ ይሰርዛል፤ ምክንያቱም ደንበኛው የሚከፍለው ለሙሉው ዝርዝር ነው። ብድር ሰጪ ባንክ ሊያየው የሚገባው ከጎጆው ግምት ይልቅ ይህን ነው።

ደኑ ራሱም የድርጅቱ ንብረት አይደለም። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ ማገዶ የሚለቅመውና ከብት የሚያሰማራው ጎረቤት ነው። ካትበርድ የምትኖረው ከዛፉ ሥር ባለው ጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሆነ፣ ግቢውን ለማሳመር ቁጥቋጦውን የመነጠረ ባለቤት ሸቀጡን በገዛ እጁ ያባርራል። የገላ መታጠቢያ ውኃን በማገዶ ማሞቅም ያው ነው።

በነጌሌ አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ የሆነውም ይታያል። በዚያ የምትኖረው ትንሽ የሣር ወፍ፣ የሊበን ላርክ፣ ሜዳው እየታረሰ፣ ከመጠን በላይ እየተጋጠና በቁጥቋጦ እየተወረረ በመሄዱ ከዓለም ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ሆናለች። ቡድኖቹ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ነጌሌ ከሚሄዱባቸው ዋና ምክንያቶች አንዷ እሷ ናት። እሷ ከጠፋች በነጌሌ የሚታደረው ሌሊት ከጉዞው ይሰረዛል፤ የከተማዋ አልጋ አከራዮች፣ ምግብ ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎችም ያን ገቢ ያጣሉ።