«አፈሩ ነው» ለሚል ተቋራጭ ምን መልስ አለ?

ቤት መሥራት ለአንድ ቤተ ሰብ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። በጋምቤላ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ከተማይቱ በባሮ ወንዝ ዳር በቆላ የተቆረቆረች ስትሆን፣ በዙሪያዋ ባለው ሜዳ በብዙ ስፍራ ጥቁር የሸክላ አፈር ይገኛል። ይህ አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በላዩ የተጣለውንም መሠረት አንድ ጊዜ ያነሣዋል፣ አንድ ጊዜ ያወርደዋል።

የአንድ ጓደኛችን እናት የዓመታት ቁጠባቸውን አፍስሰው ያሠሩት ቤት ሁለተኛውን ክረምት ሳይጨርስ ግድግዳው ከመስኮቱ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ተቋራጩን ቢያስጠሩት «እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? አፈሩ ነው» ብሎ ሄደ። እሳቸውም የእግዜር ሥራ ነው ብለው ዝም አሉ። እኛ ግን ሕጉን ገልጠን ብናይ ነገሩን እንዲህ ሆኖ አላገኘነውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039 እንደሚደነግገው፣ ሥራ ተቋራጭ ሥራውን ካስረከበበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ድረስ ለአሠራሩ ደግነትና ለሕንፃው ጽናት ዋስ ነው። ኃላፊነቱም በአሠራር ጉድለት ለሚደርሰው ጉዳት ብቻ ሳይሆን፣ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርሰውም ጭምር ነው። ዘመኑን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር ቃል በውሉ ቢገባ እንኳ ዋጋ የለውም። አፈሩን አይቶ የሚስማማውን መሠረት መጣል የባለሙያው ፋንታ ነውና።

እንግዲህ ጠብ ሲነሣ ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት ስንጥቁ ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ሌላ ባለሙያም አይቶ ያየውን በጽሑፍ ይስጥ። ቀድሞ ያስጠገነ ሰው ማስረጃውን በገዛ እጁ ይደፍነዋል።

ሁለተኛ፣ ለተቋራጩ ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት። በቁጥር 1772 መሠረት፣ ሳያስጠነቅቁ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ መክሰስ አይቻልም። ጉድለቱ ይዘርዘር፣ ተገቢ የሆነ ቀነ ገደብ ይወሰን፣ ግልባጩም ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ የራስን ግዴታ መፈጸም ያስፈልጋል። ቀኑ የደረሰውን ክፍያ ያለ ምክንያት የያዘ አሠሪ፣ ተቋራጩን «ግዴታህን ፈጽም» ለማለት አፉ አይሞላም።

አራተኛ፣ ሽማግሌ መቀመጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተስማሙበት ይጻፍ። በቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል የተዋዋዮቹ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ያሻዋል። እርቁ ካልሠመረ ወረቀቱን ይዞ ፍርድ ቤት መሄድ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የጓደኛችን እናት የርክክቡን ቀን አላስጻፉም ነበር፤ ክፍያውን የፈረሙበት ደረሰኝ ግን በሳጥናቸው ተገኘ። ማስጠንቀቂያውን ባለፈው ሳምንት አብረን ጽፈን ላክንላቸው። አንባቢዎቻችንም ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትገቡ፣ ቤት ለሚያሠራ ዘመድ ይህን ቁጥር 3039 አንብቡለት።